ስሙን ከስደት አገር ያመጣ የሐይቅ ዳር ቤት

ፈረንጆች «የክረምት ቤት» የሚሉት ነገር አላቸው። ባለጸጋ የሆነ ቤተ ሰብ በአገሩ ብርዱ ሲጸና፣ በረዶው ሲወርድ፣ ልጆቹንና አሽከሮቹን አስከትሎ ፀሓይ ወዳለበት ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል፤ ብርዱም እስኪያልፍ ድረስ በዚያ ይከርማል። ይህን ቃል ወደ ቋንቋችን ስናመጣው ሁለት ጊዜ ያስቸግረናል። በመጀመሪያ፣ በእኛ ዘንድ ክረምት ማለት ዝናም ነው፤ ጭቃና ጎርፍ ነው፤ የእርሻ ወራት ነው። አጥንት የሚሰብረው ብርድ የሚመጣው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ ሲያወርድ ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» መባሉም ስለዚሁ ነው። ሁለተኛም፣ ባሕሩ ሩቅ ነው። ለዚህ ለሁለተኛው ችግር ግን አባቶቻችን መላ አላጡለትም፤ ሐይቁንም ባሕር ብለው ጠሩት። በጣና ዳር ያለችው ከተማ ባሕር ዳር ስትባል «ጨው ውሃው የት አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

እንግዲህ የባሕር ዳር የብርድ ጊዜ ቤት የነበረው ቤተ ሰብ በአገራችን ይገኝ እንደ ሆነ ለማየት ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቢሾፍቱ መድረስ ይበቃል። እኔም ባለፈው እሑድ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ወደ አዳማ የምወርደው አክስቴን ለመጠየቅ ነበር፤ ነገር ግን በፍጥነት መንገዱ መሄዱን ትቼ በአሮጌው መንገድ፣ በአቃቂና በዱከም በኩል፣ በሚኒባስ ሄድሁ። የፍጥነት መንገዱ ሰውን ቶሎ ያደርሳል፤ ዳሩ ግን በየከተማው ልብ ውስጥ አያልፍም። የምጽፍለትም ቤት ታሪክ ያለ አሮጌው መንገድና ያለ ባቡሩ ሐዲድ አይነገርም።

ቤቱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ከተመለሱ በኋላ በቢሾፍቱ በሐይቅ ዳር የነበራቸው ማረፊያ ነው። ስሙ ፌርፊልድ ይባል ነበር። ትርጕሙን በአማርኛ «ያማረ መስክ» ብንለው ያስኬዳል። አንባቢ ሆይ፣ በአድአ ምድር፣ ጤፍ በሚታጨድበት አገር፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ቤት ለምን በእንግሊዝኛ ስም ተጠራ ብለህ ብትጠይቅ አልፈርድብህም፤ እኔንም መጀመሪያ ያስገረመኝ ይኸው ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከቢሾፍቱ ሐይቅ ተነሥተን ወደ ሌላ ውሃ፣ እንግሊዝ አገር ወዳለ ፍል ውሃ መሄድ አለብን።

ከዚያ አስቀድሞ ግን ስለ ራሳችን ፍል ውሃ አንድ ነገር ላንሣ። ከብርድ ሸሽቶ ወደ ውሃ ዳር መውረድ ከፈረንጅ የተማርነው ልማድ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ በነበሩ ጊዜ፣ ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በዚያ ነፋሻ ስፍራ፣ ብርዱ የሚያስመርር ነበር። መኳንንቱና ሠራዊቱ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ፣ ድንኳን ተክለውም ይሰነብቱ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ስፍራውን ወደው ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ አገሩንም አዲስ አበባ አሉት። የዚህች ታላቅ ከተማ መነሻ፣ ነገሩን ጠበብ አድርገን ካየነው፣ ከብርድ መሸሻ ቤት ነው። የእንጦጦ ሰው ወደ ፍል ውሃ እንደ ወረደ ሁሉ የአዲስ አበባም ሰው በተራው ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ሶደሬ መውረድን ተማረ። አዲስ አበባ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ቢሾፍቱ ከሁለት ሺህ ትንሽ ዝቅ ትላለች፤ አዳማ ደግሞ ከዚያ በታች ነች። ቁልቁለቱን በወረድህ ቍጥር አንድ ልብስ ታወልቃለህ።

ቁልቁለቱን ያቀለለው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማም የባቡር ጣቢያ ያላቸው ከተሞች ሆኑ። ይህ ሐዲድ ብዙ ደስታ አመላልሷል፤ ንጉሡን ወደ ስደት የወሰደው ግን ይኸው ሐዲድ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ገና ጎሕ ሳይቀድ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ተሳፍረው ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ጠላትም ከሦስት ቀን በኋላ ገባ። ያ ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ያለፈው በዚሁ በቢሾፍቱ በኩል ነው። የአዳማንም ጣቢያ አልፏል። የኋለኛው የሐይቅ ዳር ቤት የሚቆምባትን ከተማ ባለቤቱ በዚያ ጧት በምን ዐይን እንዳዩአት እርሳቸው ብቻ ያውቃሉ።

ከጅቡቲ በእንግሊዝ መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ ለንደን ሄዱ። ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያደረጉትን ንግግር በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረነዋል። በትምህርት ቤት ያልተማርነው ከንግግሩ በኋላ የመጣውን ኑሮ ነው። ጭብጨባው አልቆ ጋዜጠኞቹ ሲበተኑ፣ አንድ አገር የሌለው ንጉሥ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ካህናቱና አሽከሮቹ የት ይደሩ?

የሄዱት ባዝ ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነው። ባዝ የፍል ውሃ ከተማ ናት፤ ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የመታጠቢያ ሕንጻ ሠርተውባታል፤ ውሃዋም ዛሬ ድረስ ከምድር ሞቆ ይወጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕክምና ሲሉ ወደዚያው ሄደው ነበር፤ ስፍራውን ስለ ወደዱት ከከተማዋ ዳር አንድ ቤት ገዙ። የዚያ ቤት ስም ነው ፌርፊልድ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ላይ የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ነው። አሠራሩም የጣልያንን አገር ቤቶች የተከተለ ነው፤ ከጣልያን ሸሽቶ የጣልያን አምሳል ቤት ውስጥ መግባት የታሪክ ቀልድ ይመስለኛል።

ቤቱ ከውጭ ሲታይ የባለጸጋ ቤት ነው። ከውስጥ ግን ኑሮው ጠባብ ነበር። ለወጪ መሸፈኛ የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። አንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሊከፍለው የሚገባ ከአሥር ሺህ ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ገንዘብ ለማግኘት በለንደን ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ በመታየት ላይ ሳለ የእንግሊዝ መንግሥት የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዐወቀ፤ ፍርድ ቤቱም ስለዚህ ገንዘቡ የሚገባው ለጣልያን ንጉሥ ነው አለ። የሕግ ተማሪዎች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ይማሩታል። እኔ ግን ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ብርዱ አስባለሁ፤ ያ ወሬ ፌርፊልድ የደረሰው በብርዱ ወራት ነበርና የድንጋይ ከሰሉ ዋጋ በዚያ ሳምንት እንዴት ከብዶ ይሆን?

እቴጌ መነን የባዝን እርጥብ ብርድ አልቻሉትም፤ ጤናቸውም ስለ ታወከ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው የሚቀመጡበት ጊዜ ብዙ ነበር። ልዕልት ፀሓይ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነት ሥራ ተማሩ። ልዑል መኰንን ገና በትምህርት ዕድሜ ነበሩ፤ ልዑል ሣህለ ሥላሴም ትንሽ ልጅ። ልዕልት ተናኘ ወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ፤ ባለቤታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው ግን በደቡብ ጦር ይመሩ ነበር። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ ደስታ በጠላት እጅ ወድቀው በጥይት ተገደሉ። በፌርፊልድ ከነበሩት የሙት ልጆች አንዱ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ሕፃን የነበሩት እስክንድር ደስታ ናቸው፤ ይህን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ቤት ውስጥ ነው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል የተጻፈው። ሰው ያለፈውን ታሪኩን ቁጭ ብሎ የሚጽፈው የሚመጣው ካልታየው ወይም መምጣቱን አጥብቆ ካመነ ነው፤ የትኛው እንደ ነበረ ለመፍረድ አልደፍርም።

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣልያን ጦርነት ውስጥ ስለ ገባች የእንግሊዞች ሐሳብ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱም ከባዝ ተነሥተው በግብጽ በኩል ወደ ሱዳን ሄዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ። ልጃቸው ልዕልት ሮማነ ወርቅ ግን ይህን ቀን አላዩም፤ በምርኮ ጣልያን አገር ተወስደው በዚያው በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐርፈዋል።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንመለስ።

ቢሾፍቱን ለማያውቅ አንባቢ ስለ ሐይቆቿ ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ የቤቱ ነገር ከውሃው ተለይቶ አይታይምና። ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦ ጋያና ሌሎችም አሉ፤ እነዚህ ሐይቆች ወንዝ የሞላቸው ሜዳ ላይ የተኛ ውሃ አይደሉም። በጥንት ዘመን ከምድር ሥር የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ከከርሠ ምድር ውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ውሃው በአንድ አፍታ እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱም ምድሪቱን እንደ ታፈነ ድስት ክዳን ወደ ላይ አፈነዳት። የቀረው ጕድጓድ ውሃ ሞላበት። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በታተመ የሊቃውንት ጥናት የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ጠርዙ ሰፊ አይደለም፤ ገደሉ ግን ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ስትመላለስ ሐይቅ መኖሩን አታውቅም፤ ሱቁን፣ ጋራዡን፣ ልኳንዳ ቤቱን አልፈህ ጥቂት እንደ ተራመድህ በድንገት ምድር ታልቅና ከእግርህ በታች ሰማያዊ ነገር ተዘርግቶ ታያለህ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼው ዛሬም እደነግጣለሁ።

በዚህ ጠርዝ ላይ ቤት መሥራት ማለት ጀርባን ለከተማው ሰጥቶ ፊትን ለውሃ መስጠት ነው። ነፋሱን ገደሉ ይከልላል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሓዩ ውሃው ላይ ይተኛል። ለቤተ መንግሥት ደጅ ጥናት፣ ለአቤቱታና ለሥነ ሥርዓት ከመሸሻ የተሻለ ስፍራ ከዋና ከተማው አጠገብ አይገኝም፤ በአውቶሞቢልም በባቡርም ይደረሳል። አየር ኃይሉም በዚሁ ከተማ ስለ ነበረ፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የስዊድን መኰንኖች በቢሾፍቱ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ያሠለጥኑ ስለ ነበር፣ ንጉሡ ወደዚህ የሚመጡበት የሥራም ምክንያት አላጡም።

ነገር ግን ስሙ! ቤቱን «ገነት» ማለት ይቻል ነበር፤ «መናፈሻ» ማለት ይቻል ነበር። ለሞቀው ቤት የቀዘቀዘውን ቤት ስም ማውጣት ምን ማለት ነው? ጓደኞቼ፣ ቤተ መንግሥት ሁሉ የፈረንጅ ነገር ይወድ ነበር ይላሉ። ይህ ቀላል መልስ ነው፤ እኔን አያጠግበኝም። የፈረንጅ ስም መውደድ ቢሆን ኖሮ የባኪንግሃም ወይም የቬርሳይ ስም ነበረ፤ የተመረጠው ግን የብር ዕቃ የተሸጠበት፣ የራስ ደስታ ሞት የተሰማበት ቤት ስም ነው። ጠላት በነበረበት ዘመን ተሰዶ የተመለሰ ሰው የስደት ቤቱን ቁልፍ እንደ ማስታወሻ እንደሚይዝ፣ እኚህም ስሙን ይዘው የተመለሱ ይመስለኛል። በሐይቁ ዳር በተቀመጡ ቍጥር የፌርፊልድ ስም ሲጠራ፣ ዙፋን የሚነሣም የሚመለስም ነገር መሆኑን ያስታውሱበት ይሆን?

ደግሞም ስሙ ብቻውን አልመጣም። ይህን ሰፈር በዚያ ዘመን ካርታ ላይ ላየ ሰው የወንጌል አገር ይመስለዋል። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተባለች፤ አዳማ ናዝሬት ተባለች። በ1952 ዓ.ም. ከጣልያን በተገኘ የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አዋሽ ሲታገድ፣ ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ ገሊላ ተባለ። ደብረ ዘይት፣ ናዝሬት፣ ገሊላ! ከኢየሩሳሌምና ከባዝ የተመለሰ ቤተ ሰብ በአንድ መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የስደቱን ካርታ እንደ ገና የሣለው ይመስላል። ደግ ሐሳብ ነው ብዬ ልለፈው አልችልም፤ ምክንያቱም አገሩ ስም የሌለው አልነበረም። ቢሾፍቱና አዳማ የነዋሪው ሕዝብ ቃላት ናቸው፤ የኦሮሞ ሕዝብም በሆራ አርሰዲ ዳር ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ እርጥብ ሣርና አደይ ይዞ ኢሬቻ የሚያከብረው ቤተ መንግሥት ከመሠራቱ በፊትም ነው። ለእርሱ ውሃው የብርድ መሸሻ ሳይሆን የምስጋና ስፍራ ነው። የክረምቱ ጨለማ ስላለፈ ፈጣሪን ለማመስገን ወደ ውሃ የሚወርድ ሕዝብና ብርድን ሽሽት ወደ ውሃ የሚወርድ ባለጸጋ በአንድ ወራት፣ በአንድ ከተማ ይገናኙ ነበር ማለት ነው። ስሞቹ በኋላ ዘመን ሲመለሱ፣ ሕዝቡ በአፉ ያላቋረጠው ስም ነው ወደ ወረቀት የተመለሰው።

የአድአንም ገበሬ ልርሳው አልችልም። በሐይቆቹ ዙሪያ ያለው ጥቍር አፈር የአገሩን ምርጥ ጤፍ ያበቅላል፤ ብዙው አራሽ ግን ሲሶ ወይም እኩል እየከፈለ የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። ከገደሉ ጠርዝ ላይ ያለው ቤት ውሃውን ሲያይ፣ ከጀርባው የነበረው ይህ ነው።

ቤቱም ለባለቤቶቹ የዕረፍት ቤት ሆኖ ብዙ አልቆየም፤ ሐዘን ተከታተለበት። በለንደን የሕሙማን አልጋ ሲያነጥፉ የነበሩት ልዕልት ፀሓይ አገራቸውን ባዩ በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በለቀምት ዐረፉ። የሐረሩ መስፍን ልዑል መኰንን ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በዚሁ ከአዲስ አበባ ወደ ናዝሬት በሚወስደው መንገድ ላይ በአውቶሞቢል አደጋ ሞቱ። ሚኒባሳችን ዱከምን አልፎ ሲከንፍ፣ ረዳቱም በመስኮት ወጥቶ ሲጮህ፣ ይህን ነገር እያሰብሁ የወንበሩን ብረት ጨብጬ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የካቲት ወር እቴጌ መነን ዐረፉ፤ ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ የመጨረሻው ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተከተሉ። ከባዙ ማዕድ ዙሪያ ወንበሩ እየተራቆተ ሄደ።

እውነተኛ ባሕር ዳር ቤትም ነበራቸው፤ እርሱን ሳላነሣ ባልፍ አርእስቴ ያዝንብኛል። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የምጽዋ ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ የብርድ ወራት ማረፊያ ሆነ። ስፍራው በአሥራ ስድስተኛው ምዕት ዓመት የቱርክ ገዥ ቤት የነበረበት ነው ይባላል፤ ሕንጻውን ግን አሁን በሚታወቅበት መልክ የሠራው ለግብጽ መንግሥት ያገለግል የነበረው ስዊሳዊ ቬርነር ሙንዚንገር ነው፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1872 እስከ 1874 ነው። ጉልላት ያለው ነጭ ቤት፣ ከፊቱ ቀይ ባሕር። ምጽዋ እሳት ናት፤ በጥር ግን ትወደዳለች፤ የባሕር ኃይሉም በዓል በጥር ይከበር ነበር። ያ በባዝ በብርድ ያደገው ሕፃን፣ እስክንድር ደስታ፣ የባሕር ኃይሉ ሪር አድሚራል ሆነው አገለገሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1966 ዓ.ም. ወታደሩ ሲነሣ በቢሾፍቱ የሚገኘው አየር ኃይልም ከተነሡት አንዱ ነበር፤ የሐይቁ ዳር ቤት ጎረቤት ማለት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ከተገደሉት ስድሳ ያህል ሰዎች መካከል ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ይገኙበታል፤ አባታቸውን ጠላት ረሸነ፤ እርሳቸውን የገዛ አገራቸው ሰው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ፤ የአድአው ጭሰኛም ሲሶ መክፈል ያበቃለት በዚያ ዓመት ነው። ስለዚህ ያንን ዓመት በአንድ ቃል መጥራት አልችልም፤ በገደሉ ጠርዝ ላይ የተለቀሰበት ዓመት ከጀርባው ዕልል ተብሎበታል። ቤተ መንግሥቶቹም ወደ መንግሥት ዞሩ። ነሐሴ 21 ቀን ንጉሡ በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ዐፅማቸው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ልዕልት ተናኘ ወርቅ ከሴቶች ልጆቻቸው ጋር አሥራ አራት ዓመት ያህል ታሰሩ። በ1980 ዓ.ም. ተፈትተው፣ ደግሞም ከአገር ወጥተው ተመልሰው፣ በ1995 ዓ.ም. ዐረፉ። ሁለት ጊዜ ስደት፣ ባልና ልጅ በጥይት፣ ከዚያም ወህኒ ቤት፤ የልዕልትነት ዕድል ይህ ከሆነ ማን ይመኘዋል?

የምጽዋው ቤት በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ተመታ፤ ጉልላቱ ተሸንቍሮ፣ ግድግዳው ፈርሶ በባሕሩ ዳር ቀረ።

የባዙ ፌርፊልድ ዕድል ግን ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1947 ዓ.ም. ባዝን ሲጎበኙ የከተማው ሰው በክብር ተቀበላቸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ደግሞ ቤቱን ለከተማው ሕዝብ በስጦታ ሰጡት፤ ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን። ስለ ሰጡት ማንም አልወሰደባቸውም። ደርግ እዚህ ቤት ሲቈጥር ያኛው አስቀድሞ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። እስከ ዘመናችንም አረጋውያን የሚሰበሰቡበት፣ ኢትዮጵያውያንና ራስ ተፈሪያውያን ሊያዩት የሚሄዱበት ቤት ሆኖ ቆይቷል።

እኔ በቢሾፍቱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ሦስት ወጣቶች ፎቶግራፍ ለመነሣት መጡ። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አያንስም። አንደኛውን «ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ሰምተህ ታውቃለህ?» አልሁት።

«ሪዞርት ነው?» አለኝ። «አዲስ የተከፈተ ነው? መግቢያው ስንት ነው?»

ልነግረው ጀምሬ ነበር፤ ጓደኞቹ ግን ብርሃኑ ሳይጠፋ ፎቶግራፉን እንዲያነሣቸው ጠሩት። እኔም ወደ መናኸሪያ ወጣሁ። አዳማ ስደርስ መሽቶ ነበር፤ አክስቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። «ምነው ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ናዝሬት ይህን ያህል ያስመሻል?» አለች። ትንሿ ልጇ «አዳማ በይ እንጂ እማዬ!» ብላ አረመቻት፤ አክስቴም «እሺ፣ አዳማ» አለችና የመጀመሪያውን ስኒ ለእኔ ቀዳች።